ያልሰማሁት የክርስትና ስም

መርዶ ነጋሪዎቼ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ጠበቁኝ። እንደ ወጉ ቢሆን ጎህ ሳይቀድ ቤቴ መጥተው ማንኳኳት ነበረባቸው፤ ነገር ግን እኔ የማለዳ ተረኛ ስለሆንኩ፣ ሬኒየር ቢች ያለው አፓርታማዬ ድረስ ቢመጡ ልጄን ከእንቅልፏ አስደንግጠው ከመቀስቀስ በቀር እኔን እንደማያገኙኝ ያውቃሉ። ስለዚህ ተማክረው፣ መኪናቸውን ከነዳጅ ማደያው ጎን ፓርክ አድርገው፣ ሦስት ሆነው ካፊያው ውስጥ ቆመዋል።

ከሩቅ ያየሁት የሁለቱን ሴቶች ነጠላ ነው። ከካፖርታቸው በላይ አዘቅዝቀው ለብሰውታል። በሥራ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ ነጠላውን አዘቅዝቆ የቆመ ሰው ለምን እንደመጣ አይጠየቅም። አንደኛዋ ከኬንት የመጡ፣ ሁላችንም እናታችን የምንላቸው ሽማግሌ ሴት ናቸው። ሁለተኛዋ የቄሳችን ባለቤት። ሦስተኛው ደግሞ ከሊንውድ ድረስ የመጣ፣ በወጣትነታችን ሕንድ አገር አብሮን የተማረ ሰው ነው።

"እናቴ ናት?" አልኩ።

"እናትሽ ደህና ናቸው፤ አገር ቤት ሁሉም ደህና ነው" አሉ እናታችን፣ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው። "ቦርሳሽን ስጪኝ ልጄ። ሥራ ቦታሽም ነግረናል፤ ዛሬ አትጠበቂም።"

ቦርሳዬን ከተቀበሉኝ በኋላ ነው የሊንውዱ ሰው የተናገረው።

"ፑና የቀረችው እኅታችን አርፋለች። ባሏ ትናንት ኮል አደረገልኝ። ከሞተች አርባ ቀን አልፏታል።"

አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ አየን፤ አንዲት ሴት ስታለቅስ፣ ሦስት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘዋታል። ትንሽ ጠብቆን ቀስ ብሎ በሩን ዘጋና ሄደ። ማታ ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት በእንግሊዝኛ፣ "ስልክ እያለ ለምን ዝናብ ላይ ቆሙ?" አለችኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም አልኳት። አልገባትም። እኔ ግን የሊንውዱ ሰው ጴንጤ ሆኖ ሳለ፣ ነጠላ ከለበሱ ሁለት ሴቶች ጋር በጨለማ ተነሥቶ መምጣቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የሞተችው ጓደኛዬ ናት። በአብዮቱ ዋዜማ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተን ሕንድ አገር፣ ያኔ ፑና ይባል በነበረው፣ አሁን ፑኔ በሚሉት ከተማ ሦስት ዓመት አብረን ተምረናል። አንድ ክፍል ነበር የምንኖረው፤ በአልጋዎቻችን መካከል አንዲት ጠረጴዛ ብቻ ነበረች። እኔ ጨርሼ ወጣሁ፤ ብዙ አገር ዞሬ ሲያትል ደረስኩ። እሷ የአገሩን ልጅ አግብታ ቀረች። ለገና እንደዋወል ነበር። እኅት የለኝም፤ እኅት አለሽ ወይ ሲሉኝ ግን አንዳንዴ አለችኝ እል ነበር።

በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሳችን ጋ ቀረብኩ። አርባዋ አልፏል፤ ቢሆንም ፍትሐት ይደረግላታል፣ ሙት ዓመቷም ይታሰባል አሉኝ። ከዚያ፣ "የክርስትና ስሟን ንገሪኝ" አሉ።

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"የክርስትና ስሟ ማን ነበር?"

"አባ፣ አላውቀውም።"

"አብረን ኖረናል አላልሽኝም?"

"ሦስት ዓመት ኖረናል።"

አልተቆጡኝም። "እንግዲህ ጠይቂ፤ ቤተሰቧን፣ የክርስትና እናቷን። እስከዚያው 'አንተ የምታውቃትን' እያልን እንለምናለን። እግዚአብሔር ስም ጠፍቶበት አያውቅም" አሉኝ።

ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። አላጽናናኝም። የሙታን ስም ሲጠራ እሰማለሁ፤ ወለተ እገሌ፣ አመተ እገሌ፣ ኃይለ እገሌ እየተባለ ይሄዳል። እሷ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው። ወለተ ተብሎ ይጀምር፣ አመተ ተብሎ፣ እሱን እንኳ አላውቅም። አንዲት ወዳጄ፣ "ታዲያ ለጊዜው ወለተ ማርያም በያታ፤ ከሴቱ ግማሹ ወለተ ማርያም አይደል?" አለችኝ። የማላውቀውን ስም መሠዊያ ፊት አላስጠራም አልኳት። "አይ አንቺ! ሲበዛ ጥንቁቅ" ብላ ሳቀችብኝ።

አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቷ በልጅነቷ ሞተዋል፤ አባቷም የሉም። የእንጀራ እናቷ ልጅ ተገኘ። "የክርስትና ስሟን? እኔ እንጃ እቴ፤ የእኔንም የምታውቀው እናቴ ናት። የሷ ከእናቷ ጋር ተቀብሯል" አለኝ። የክርስትና እናቷ ደሴ ነበሩ ይባላል፤ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። የቀረኝ ፑና ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት ከኖረችበት ከተማ አንድ የሰማ ሰው አይጠፋም ብዬ፣ የዓመት ፈቃዴን ሰብስቤ በጥር ወር ተነሣሁ።

አውሮፕላን ጣቢያ ያደረሰኝ የሊንውዱ ሰው ነው። መኪና ውስጥ፣ "እኅቴ፣ ጌታ በልቧ ያውቃታል። ለአንድ ስም ውቅያኖስ ትሻገሪያለሽ?" አለኝ።

"እሱማ ያውቃታል። የማላውቃት እኔ ነኝ።"

ጥቂት እንደነዳን፣ "ያኔ ፑና እያለን ለቁርባኑ እኔንም ጠርታችሁኝ ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ጀመረ።

"ጠርተንህ ነበር። 'እኔ በልሳን ነው የምቆርበው' ብለህ ቀረህ።"

ሳቁ መጣ። "ወጣት ነበርኩ" አለ።

ፑና የደረስኩት ከቦምቤይ በሚነሣው የጠዋት ባቡር ነው። ባለቤቷ በስልክ፣ "ከጣቢያው ታክሲ ያዢ፤ እቤት እጠብቅሻለሁ" ብሎኝ ነበር። ሻንጣዬን ጣቢያው አጠገብ ካለች የእንግዳ ማረፊያ አስቀምጬ በእግሬ ወጣሁ። እኔ ያንን ከተማ በእግር እንጂ በሌላ አላውቀውም። በእኛ ጊዜ ከተማው በሙሉ ብስክሌት ነበር፤ ፕሮፌሰሩም፣ አትክልት ሻጩም፣ ሳሪ የለበሰችው እመቤትም ብስክሌት ላይ ናቸው። እኔና እሷ ብቻ መንዳት አልቻልንም። አንድ ቀን ሞክራ አንድ የሎሚ ጋሪ ላይ ወጣችበት፤ ሎሚው ሁሉ መንገድ ላይ ተንከባለለ፤ ባለጋሪው ከመቆጣት ይልቅ ሳቅ ይዞት ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ በእግራችን ሆነ።

አሁን ብስክሌቱ የለም። ስኩተር ነው፤ እንደ ንብ ይጮኻል። እግሬ መንገዱን ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን አያውቀውም። ግራ ልታጠፍ እልና፣ ምልክታችን የነበረው ዋርካ የት አለ? ተቆርጧል፤ መንገዱን ለማስፋት። ሴቶች ግን እንደ ድሮው ደጃፋቸውን ጠርገው በነጭ ዱቄት ጌጥ ይስላሉ፤ የሚያልፍ ሁሉ እየረገጠው ይሄዳል፤ በማግሥቱ እንደገና ይስላሉ። የእንጨት ድልድይ የሚሉት ድልድይም አለ፤ እንጨት ግን የለበትም፤ በእኛም ጊዜ አልነበረበትም። ከሥሩ ወንዙ በጋ ስለሆነ ቀጥኗል፤ ጎሾች ተኝተውበታል። ድልድዩ ላይ ቆሜ አንድ አባታችን ሆይ ደገምኩ። ሰው አላየኝም፤ ቢያየኝም በዚያ አገር የሚጸልይ ሰው ብርቅ አይደለም።

የሴቶች ማደሪያችን ፈርሶ የኮምፒዩተር ትምህርት ቤት ተሠርቶበታል። ዘበኛው ልጄን ላስመዘግብ የመጣሁ መስሎት በእጁ ወደ ቢሮው አሳየኝ። "ድሮ እዚህ ነበርኩ" ስለው፣ "እኔም ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ" ብሎ አሾፈብኝ። ግን አስገባኝ። ከኋላ ልብስ የምናጥብበት ጥቁር ድንጋይ ብቻ ተርፏል፤ ሰው አሁን ሞተር ሳይክሉን ያስደግፍበታል። የእኛ መስኮት ከዚያ ድንጋይ በላይ ነበር።

እዚያ ቆሜ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንጸልይ እንደነበር አሰብኩ። እኔ ወደ አንዱ ግድግዳ፣ እሷ ወደ ሌላው ዞረን፣ ጀርባ ለጀርባ። በጸሎታችን መጨረሻ ሰው ራሱን በክርስትና ስሙ ጠርቶ "ማረኝ" ይላል። እሷም ትል ነበር፤ በየቀኑ፣ ክንዴን ብዘረጋ ከምነካት ቦታ። እኔ ግን የሰው ጸሎት ማዳመጥ ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እዚያች ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ እኔም ሆን ብዬ መጽሐፌን ገልጬ አንሾካሹካለሁ። ትሕትና ነበር። አሁንም ጥፋት ነው አልልም። ግን ያንን ድንጋይ እያየሁ፣ እንዲያው አንድ ጠዋት እንኳ ባለጌ ብሆን ኖሮ ማለቴ አልቀረም።

ጥግ ላይ ያለው የኢራናውያኑ ሻይ ቤት ሳይፈርስ ጠበቀኝ። ክብ የእብነ በረድ ጠረጴዛ፣ ጥቁር ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት። እዚያ የሚበላው ለስላሳ ዳቦ ለሁለት ተሰንጥቆ ቅቤ የተለቀለቀ ነው፤ ወፍራም ሻይ ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል። ሽማግሌው ባለቤት ያው ከገንዘብ ሣጥናቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ሻይና ዳቦ አዘዝኩ፤ "ዳቦው ቅቤ አይኑርበት" አልኩ።

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "ኢትዮጵያ!" አሉ።

"በምን አወቁ?"

"በዚህ ቤት ቅቤ የሌለው ዳቦ የሚያዝ ከእናንተ በቀር ማን አለ? አባቴ ሳይቀር፣ 'እነዚህ ልጆች ታመው ነው ወይ?' ይል ነበር። ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ዓርብ ነው።"

"ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው!" ብለው ግንባራቸውን መቱ። ስለ ጓደኛዬ ጠየቅኋቸው፤ ስሟን ብነግራቸው አላወቁትም። የመልኳን፣ የጠጉሯን፣ የባሏን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠና በማላውቀው የሕንድ ስም ጠሯት። "እሷማ ትመጣ ነበር" አሉ። "ባሏ ቅቤውን፣ እሷ ዳቦውን። አንድ ትእዛዝ ለሁለት! እንዲህ ያለ ጋብቻ ለእኔ ሥራ ኪሳራ ነው።" የዳቦዬን ሒሳብ አልቀበልም አሉ።

ቤቷ ያለበት ሰፈር ስደርስም እንደዚያው ሆነ። ስሟን ለጠየቅኋቸው ሁሉ እንግዳ ነው። በመጨረሻ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ "አፍሪካን ቫሂኒ!" ብለው ወደ አንድ ደረጃ ጠቆሙኝ። ቫሂኒ የወንድም ሚስት ማለት ነው። የሰፈሩ ሁሉ ወንድም ሚስት ሆና ነበር የኖረችው።

ባለቤቷ በሩን ሲከፍት አወቅኩት፤ ሸምግሏል፤ ሸሚዙ ግን እንደ ድሮው የተተኮሰ ነው። ጫማዬን ከደጅ አውልቄ ገባሁ። አለቀስኩ፤ እሱ ውኃ አምጥቶ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ሻይ አፈላ፤ ያለ ወተት፣ ሳልነግረው። ስለ ሕመሟ፣ ስለ መጨረሻዋ ነገረኝ። እንዲቀብራት እንጂ እንዳያቃጥላት ለምናው እንደነበር፣ ዘመዶቹ ቢያጉረመርሙም እንደፈጸመላት ነገረኝ። አመሰገንኩት። ቀጥሎ የመጣሁበትን ጠየቅኩት።

ፈገግ አለ፤ ደስ ያለው ፈገግታ አልነበረም።

"በእኛ ወግ ሙሽራ ስትገባ ባሏ አዲስ ስም ያወጣላታል። ሩዝ ትሪ ላይ ይነጠፍና ስሟን በጣቱ ይጽፋል። እኔም ጻፍኩ። አየችውና፣ 'ይህ ሦስተኛዬ ነው' አለች። 'ሁለተኛሽ ማለትሽ ነው' አልኳት። 'አይደለም፤ አንድ ሌላ አለኝ። እሱ የእግዚአብሔር ነው፤ አትጠይቀኝ' አለች።"

"ከዚያስ?"

"አልጠየቅኋትም። ሃያ ዓመት አልጠየቅኋትም።" ሲኒውን አስቀመጠ። "አንቺ ልትመጪ ነው ሲባል፣ ትነግረኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩሽ።"

ሻይ ጨመረልኝ። ከውጭ ልጆቹ ይጮሃሉ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከሰው ጋር ሆኜ አላውቅም፤ አልከበደኝም ግን።

እሑድ ጠዋት አብረን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን፤ በእግር፤ እሱም እንደ እሷ መራመድ ለምዷል። ቤተ ክርስቲያኑ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ክርስቲያኖች የሠሩት ነው፤ በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ ናቸው፤ ተማሪ ሳለንም የምንሄደው እዚያው ነበር። ጣራው ያው ቆርቆሮ ነው። መቃብሯ ከጓሮው ነው፤ መስቀል አለበት፤ በእንግሊዝኛ የዓለም ስሟ፣ በአገሩ ፊደል ደግሞ ሩዝ ላይ የተጻፈው ስሟ ተቀርጿል። ሰገድኩ። መዝሙረ ዳዊት ይዤ ነበር፤ የምችለውን ያህል ደገምኩ። ባለቤቷ ራቅ ብሎ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር።

በእኛ ጊዜ የነበሩት ቄስ ሞተዋል። ያሁኑ ወጣት ናቸው፤ ከመጡ ጥቂት ዓመታቸው ነው። ጓደኛዬን ሲቀብሩ በምን ስም እንደጸለዩላት ጠየቅኋቸው።

"ባሏ በሰጠኝ ስም" አሉ። "ሌላ ስም አልነገረችኝም። የራሷን ስም ለጸሎት ሰጥታኝ አታውቅም። ሁልጊዜ የምታስጠራው የሌላ ሰው ስም ነበር፤ አንድ ስም፤ በየእሑዱ። በሩቅ አገር ያለች እኅቴ ናት ትለኝ ነበር። እየደጋገመችው እኔም ለምጄው፣ ባታስታውሰኝም እጠራዋለሁ።"

"ማን የሚል ስም?"

ነገሩኝ። አጠራራቸው የደቡብ ሕንድ ነው፤ ፊደሉን አጥፈውታል፤ ግን የኔ ነው። የክርስትና ስሜ። እናቴና ቄሴ ካልሆኑ በቀር ያኔ በምድር ላይ የሚያውቀው ሰው የለም ብዬ የማስበው ስም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የት ሰማችው? አንድም ቀን አልነገርኳትም። ቀስ በቀስ ነው የመጣልኝ፤ እዚያው፣ በዚያው ጣራ ሥር።

ተማሪ ሳለን ነው፤ የክረምቱ ዝናብ ወቅት ነበር። የአገሩ የነፃነት በዓል ቀን ስለሆነ ልጆች የወረቀት ባንዲራ ይዘው በጭቃ ይሮጡ ነበር። እኛ ፍልሰታን ይዘናል። በደቡብ ሕንድ ነገረ መለኮት የሚማሩ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ ልጆቼን ላቁርብ ብለው በባቡር መጥተዋል። የእኛ ቅዳሴ በአንድ ካህን ስለማይቀደስ፣ የሕንዱ ቄስ በእነሱ ሥርዓት ቀደሱ፤ የእኛ አባ ከጎናቸው ቆመው የእያንዳንዳችንን የክርስትና ስም እየጠየቁ ያቀብሏቸዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባ አይሰሙም። "ጮክ በዪ ልጄ" ይላሉ። እኔም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ነበረች። የሰማችው ያኔ ነው።

እኔ ከተቀበልኩ በኋላ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ ወጣሁ። እሷን ሲጠይቋት፣ "ጮክ በዪ" ሲሏት፣ እሷም ጮክ ስትል፣ እኔ ቅዱስ ቁርባኑን በደረቴ ይዤ ከበሩ ደርሻለሁ። መነኩሴውም በኋላ አገራቸው ገብተው ዐርፈዋል። ግን ሴቶቹ በእሷ አላበቁም ነበር። ከኋላዋ ሌላ ሰው ነበረ። ፑና የነበርነውን አንድ በአንድ አሰብኩ፤ ከቦምቤይና ከሌሎች ከተሞች ለዚያ ቀን የመጡም ነበሩ፤ የአብዛኞቹን ፊት እንኳ አልያዝኩትም።

ስንለያይ ባለቤቷ ባቡሩ መስኮት ሥር ቆሞ፣ "ብታገኚው ትነግሪኛለሽ? ካልተከለከለ" አለኝ። ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት። ሲያትል ተመልሼ ቄሳችንን ጠየቅኋቸው። "ሃያ ዓመት ሳይጠይቅ ላከበረው ሰው ማን ይከለክለዋል? ንገሪው" አሉኝ።

ሙት ዓመቷ ደረሰ። ቄሳችን ጸሎቱን አደረሱ፤ ስም የሚጠራበት ጋ ሲደርሱ "አንተ የምታውቃትን" አሉ። ከኬንት እናታችን መጥተዋል፤ የሊንውዱም ሰው ከውጭ፣ ከመግቢያው አጠገብ ቆሟል። ልጄ ከጎኔ ነበረች። ወጥተን ወደ መኪናው ስንሄድ በእንግሊዝኛ፣ "የኔስ ማን ነው?" አለችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አልነገርኳትም ነበር፤ እሷም አልጠየቀችኝም። በጆሮዋ ነገርኳት። ቀጥዬ የራሴንም ነገርኳትና ደጋግማ እንድትጠራው አደረግኳት። "ማሚ፣ ረጅም ነው" ብላ ተነጫነጨች፤ ግን እስክታጠናው አልለቀቅኳትም።

እንግዲህ ይህን የጻፍኩት በዚያ ዝናብ ቀን እዚያ ቤተ ክርስቲያን ለነበራችሁ ነው። አሁን የት እንዳላችሁ አላውቅም፤ ምናልባት እዚሁ አሜሪካ፣ ምናልባት አገር ቤት። በተለይ አንቺ፣ ከእሷ ኋላ የቆምሽው እኅቴ፦ አባ "ጮክ በዪ" ሲሏት የመለሰችውን ሰምተሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ ባለሽበት ደብር ለቄሱ ንገሪና በስሟ አስጠሪያት። ለእኔ ከዚያ በኋላ ይደርሰኛል፤ እኔም ለባሏ አደርሳለሁ። በሁለት ስም መካከል ብትጠራጠሪ ሁለቱንም ንገሪኝ፤ ቄሳችን መንገድ ያበጁለታል። ጨርሶ ካላስታወስሽ ግን፣ በእመቤታችን ይሁንብሽ፣ ላስደስትሽ ብለሽ በግምት አትንገሪኝ።